ለባለጋቢው አዳቃይ የገጠምኩት የንፋስ መከላከያ

ጡረታ በወጣሁበት ቀን ኃላፊያችን ተነሥተው፣ «አቶ አለልኝ ያለ አንዳች ጫጫታ ያገለገሉ ሠራተኛ ናቸው» አሉ። የሞተር ሳይክል መካኒክ ያለ ጫጫታ አገለገለ ማለት በዕድሜው አንድ ሞተር አስነሥቶ አያውቅም ማለት ነው። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ስለ ማን እንደሚወራ ሳይገባኝ አብሬ አጨበጨብኩ። ከዚያ ጃንጥላ ሸልመው ሸኙኝ።

እቤት ስውል እጄ አላርፍ አለ። የበሩን ማጠፊያ ፈታሁ፣ የአልጋውን እግር ፈታሁ፣ የሬዲዮኑን ጀርባ ፈታሁ። ሁሉንም መልሼ ገጥሜአለሁ፤ በየጊዜው አንዳንድ ብሎን ይተርፈኝ ነበር እንጂ። ባለቤቴ የተረፉትን በጣሳ እየሰበሰበች ታገሠችኝ። ሬዲዮኑ የአገራችንን ዜና ትቶ የሱዳንን ብቻ መናገር ሲጀምር ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና፣ «በል አንተ ሰውዬ፣ የፈታታኸውን ሁሉ እዚህ ላይ ግጠመው፤ ቤቴን ተወው» አለችኝ።

እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት ቡሬ፣ ጋሽ ስንሻው ጋራዥ ውስጥ ነው። ጋሽ ስንሻው በወጣትነታቸው ዜማ ሲማሩ ቆይተው ኋላ ከማኅሌቱ ወደ ሞተሩ የኮበለሉ ሰው ናቸው። ሞተር ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ነው፤ የተሳሳተ ተማሪ እንደሚያርሙ ሁሉ «እዚህ ላይ ትጎትታለች» ይላሉ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ለመስማት ሞክሬአለሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

የዛገ ብሎን ሲያጋጥማቸው አይታገሉትም። ላምባ ጠብ ያደርጉበትና «እንደምን አደርክ» ብለውት ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ይፈታል። አንድ ቀን እንደሳቸው ላምባ አፍስሼ፣ ሰላምታዬን ሰጥቼ፣ ሻይ ቤት ዋልኩ። ስመለስ ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። ለካስ ላምባውን ያጠጣሁት ጎረቤቱን ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሰለቸኝ ነበር። ማንም ሰው ሞተሩ ላይ አዲስ ነገር ሊያስገጥም ሲመጣ፣ ጋሽ ስንሻው መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ሰውየውን ሞተሩ ላይ ያስቀምጡታል። ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም። መንገድ የሚሄድበትን ልብስ ለብሶ፣ የሚጭነውን ጭኖ፣ ሚስቱን አፈናጦ የሚሄድ ከሆነም ሚስቱን አስመጥቶ። አንድ ነጋዴ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ሊያስበይድ መጥቶ በርበሬውን ከእነ ኬሻው እስኪያመጣ ድረስ አልነካም ብለውታል። እሳቸው ዙሪያውን አንዴ ይዞራሉ፣ «ወዴት ነው የምትሄደው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ነው ሥራው የሚጀመረው። እኔ ያን ጊዜ ወሬ መውደድ ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በመካኒክነት ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ እሱም ስለ እኔ አውርቶ አያውቅም። ዘመኑ በየቀበሌው የግብርና ባለሙያ የሚመደብበት፣ ሞተር ሳይክል ለየጽሕፈት ቤቱ የሚታደልበት፣ ከእርሻው ግምገማው የሚበዛበት ነበር። ኃላፊዎች ተፈራረቁብኝ። አንደኛው ሞተር ከመፍራቱ የተነሣ ጋራዡን የሚጎበኘው በመስኮት ነው። ሌላው ሁሉንም ሞተሮች አንድ ቀለም አስቀባኝና ሠራተኛው የራሱን መለየት አቅቶት የሰሞኑን ሥራ በሰው ሞተር ሠራው። ያ ሁሉ አልፏል። ያላለፈልኝ የምንይችል ነገር ነው።

ምንይችል አዳቃይ ነው። ሥራውን ለማያውቅ ልንገር፦ ላም ኮርማ ስትፈልግ ገበሬው ኮርማ ትቶ ምንይችልን ይጠራል። እሱም የምርጥ ኮርማ ዘር፣ እንደ ጭስ የሚተን ብርድ በታመቀበት ዕቃ ውስጥ ይዞ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ይከንፋል። ገበሬው «ባለሞተሩ ኮርማ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ሲጠሩት ሳያፍር አቤት ይላል። የዚህ ሥራ ጭንቁ ሰዓቱ ነው። ላም ቀጠሮ አታራዝምም። ጠዋት ምልክት ካሳየች ያኑ ቀን ነው፤ ካለፈ አለፈ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ የዳሞትን ነፋስ ያውቃል። ያ ነፋስ ምንይችልን ደረቱን ያዘው። ሲያስል ከሞተሩ ይልቅ እሱ ዘይት የሚቀየርለት ይመስል ነበር። ሐኪሙ ነፋሱን ከደረትህ አርቅ፣ አለዚያ ሞተሩን ተው ብሎ ቁርጡን ነገረው። ከዚያ ወዲህ በጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቦ መሄድ ጀመረ። ከሩቅ ሲያዩት ሞተር የሚነዳ የጥጥ ከረጢት ነው።

አንድ ቀን ጋራዥ መጣና ሁለት የፕላስቲክ ክንፎች ከካርቶን አውጥቶ ፊቴ ዘረጋ። የንፋስ መከላከያ ናቸው፤ ወንድሙ ከመርካቶ ገዝቶ የላከለት። አብሯቸው በቻይንኛ የተጻፈ ወረቀት አለ። ሥዕሉ ላይ ያለው ሞተር የእኛ ሞተር አይደለም፤ የተቀመጠበት ሰውዬም ከእግር እስከ አንገቱ ጥብቅ ያለ ቆዳ የለበሰ ነው።

«አያ አለልኝ፣ እንደምንም ብለው ይግጠሙልኝ» አለኝ። «ሞተሩን ከተውኩ ቢሮ አስቀምጠው ሪፖርት ሊያስጽፉኝ ነው። እኔ ላም ማስረገዝ እንጂ ሪፖርት ማስረገዝ አላውቅም።»

ገጠምኩለት። እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ፤ ኩራቴ ረጅም ዕድሜ ስለሌለው። የሞተሩ ፊት፣ በመብራቱ ዙሪያ፣ የፕላስቲክ ልብስ አለው፤ ክንፎቹ የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። ፕላስቲክ ደግሞ እንደ ላሜራ አይደለም። መብሻው ትራፓኖ ከፈጠነበት ይቀልጣል፣ ከገፉት ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሚበሳውን ቦታ በፕላስተር ሸፈንኩት፣ መብሻው እንዳይንሸራተት። በቀጭኑ ጀምሬ በወፍራሙ አሰፋሁት፤ በየመሐሉ እየነፋሁ፣ እያቀዘቀዝኩ። ከአሮጌ ካላማንዳሪ ክብ ክብ ጎማ ቆርጬ በክንፉና በልብሱ መሐል አንድ፣ ከዳዶውና ከሮንዴላው ሥር አንድ አኖርኩ፤ ብሎን በፕላስቲክ ላይ በቀጥታ ካረፈ ኮረኮንቹ ራሱ ይሰነጥቀዋልና። ማጥበቅም ልክ አለው፤ ጎማው ከሮንዴላው ሥር ትንሽ ከንፈሩን ሲያወጣ መፍቻውን ማስቀመጥ ነው። ከዚያ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራ፣ እስከ ጥጉ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ፍሬኑን ያዝኩ፣ ፍሪሲዮኑን ሳብኩ። እጅ የሚነካው ነገር የለም። በመጨረሻ ፕላስቲኩን በጥርስ ሳሙና አሸሁት። ከማማሩ የተነሣ የራሴን ፊት አየሁበትና ቶሎ ዞር አልኩ።

ምንይችል ሲመጣ ቀትር ነበር፣ ሙቀት። ጋቢውን ቢሮ ትቶት በሸሚዝ ነው የመጣው። ተቀመጠ፣ መሪውን አዞረ፣ ግቢውን አንዴ ዞረ፣ «ነፋስ የሚባል ነገር የለም እኮ» አለኝ። እኔም ነፋስን ያስቀረሁ ሰው ሆኜ ቀና ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት እትየ አንጓች ደወሉ። እትየ አንጓች ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ከደጋው አፋፍ ላይ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ባለቤታቸው ሞቷል፣ አንዲት ላም አለቻቸው። ስልካቸው የሚሠራው ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ስለሆነ በደወሉ ቁጥር እያለከለኩ ነው። ቡሬ ያለው አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል፣ ቤትዎን ዘግተው ከእኛ ጋር ይግቡ እያለ ዘወትር ይጎተጉታቸዋል። እሳቸው ደግሞ ካማቼ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲያልፍ እግሬን አልሰበስብም ብለዋል። ያሰቡት ከዚያች ላም አንዲት የተሻለች ጊደር አግኝተው፣ ወተት ለሻይ ቤቶች እየሸጡ በገዛ ቤታቸው መኖር ነው። ያን ቀን ላሚቱ ኮርማ ፈለገች።

ምንይችል ዕቃውን ከኋላ አስሮ፣ ብርድ ነውና ጋቢውን ደርቦ ወጣ። የሆነውን ኋላ ሲነግረኝ ግማሹን እየሳቀ፣ ግማሹን እያቃሰተ ነው። ዳገቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ሁሉም ደኅና ነበር። ሜዳው ላይ ወጥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ግን፣ የእኔ ክንፎች ከደረቱ የመለሱት ነፋስ ሌላ መሄጃ ፈለገና ከታች፣ ከነዳጅ ጋኑ በላይ ባለው ክፍተት፣ ወደ ጋቢው ውስጥ ገባ። ጋቢው መጀመሪያ ሆዱ ላይ አበጠ። ምንይችል ሞቀኝ ብሎ ደስ አለው። ቀጥሎ ጀርባው ላይ አበጠ። ከዚያ ከነጥለቱ ተነሥቶ ፊቱን ሸፈነው። አንድ እጁን ለቆ ሊገልጠው ሲል መንገዱ ታጠፈ፤ እሱ አልታጠፈም።

ያረፈው ድንች ማሳ ውስጥ ነው። የዕቃው ክዳን ተከፍቶ ብርዱ እንደ ጉም መሬቱን አለበሰው። ሊረዱት የሮጡ ገበሬዎች በጉሙ መሐል ነጭ ነገር እየተንከባለለ ሲያቃስት ቢያዩ ባሉበት ቆሙ። ከመሐላቸው አንደኛው ቄስ ሊጠራ ተመለሰ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ደርሰው፣ አማትበው፣ ቀረብ ብለው ሲያዩ፣ «ይሄማ ባለሞተሩ ኮርማ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ነው ያነሡት። ትከሻው ወልቋል፤ ዘሩ ከጥቅም ውጭ ሆኗል።

እስከዚህ ያስቃል። እትየ አንጓች ግን ይሄን አያውቁም። ላሚቱን ከደጃቸው ካለው ዛፍ ሥር አስረው፣ ሽመል ይዘው፣ ሽታዋን ተከትለው የመጡትን የጎረቤት ኮርማዎች ቀኑን ሙሉ ሲያባርሩ ዋሉ። በዚያ ዕድሜያቸው። አንዱን ሲመልሱ ሌላው ይመጣል። ጎረቤቶቻቸው ካንዱ ኮርማ ትያዝልዎ እንጂ ቢሏቸው፣ ሰውየው መንገድ ላይ ነው፣ ቃል ገብቶልኛል አሉ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ላሚቱ ተረጋጋች፤ ኮርማዎቹም ተበተኑ። አለፈ ማለት ነው። በሦስት ሳምንት ገደማ ዳግም ኮርማ ብትፈልግም ምንይችል ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ቢሮ ነበር፤ ሌላ አዳቃይ አልነበረም። ከዚያ በጋው ገባ፣ ሣሩ ጠፋ፣ ላሚቱ ከሳች፣ ኮርማ መፈለጉንም ተወችው። አማቻቸው ከቡሬ መጥቶ የቤቱን ቆርቆሮ እየቆጠረ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። ላሚቱን እስከሚመጣው ክረምት ልያት ብለው መለሱት አሉ።

መሥሪያ ቤታችን ደግሞ ጉዳዩን ግምገማ ላይ አቀረበው። ተራው ደርሶኝ ራሴን እንድሂስ ተጠየቅሁ። ክንፎቹ ነፋስ ከታች ያስገባሉ፣ ክፍተቱ መዘጋት አለበት አልኩ። ሰብሳቢው ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ ሥረ መሠረቱን አውጣ አሉኝ። ክፍተቱ ሥረ መሠረቱ ነው አልኩ። በመጨረሻ ሻይ ሰዓት ሲደርስ የአመለካከት ክፍተት እንዳለብኝ አመንኩ፤ እሱን በምን ዓይነት ጎማ እንደምደፍነው ግን ማንም አልነገረኝም።

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቡሬ ወረድኩ። ጋሽ ስንሻው ሥራ ትተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የብሎኑን፣ የጎማውን፣ የቀዳዳውን ነገር አንድ በአንድ ስተርክላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ገለጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ስገጥምለት በሸሚዝ፣ ሲወድቅ በጋቢ» አልኩ። ከቤት ዳቦ አስመጡልኝና በላሁ። ስነሣ፣ ነፋስ በዓይን እንደማይታይ፣ ክር ላይ ግን እንደሚታይ ነገሩኝ። ክሩን ክንፎቹ ላይ እንዳስር መከሩኝና፣ ጋቢውን ግን ምንይችል ሳይሆን «አንተው ልበስ» አሉኝ።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ከባለቤቴ ጥጥ ክር ለምኜ በክንፎቹ ጠርዝ፣ በነዳጅ ጋኑ ዙሪያ፣ በመቀመጫው ሥር ሁሉ ቁርጥራጭ ክር አሰርኩ። ጋቢዬን ለበስኩና ወደ ላህ ወንዝ ድልድይ ነዳሁ። ክሮቹ ሁሉ ተነሥተው ወደ ሆዴ ያመለክታሉ፤ ጥፋተኛውን ለማሳየት የተስማሙ ምስክሮች ይመስላሉ። እኔ እነሱን ሳይ ጋቢዬ ተነሣ። በዚያ ሰዓት ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መንገድ ላይ ነበሩ፤ ኋላ እንደነገሩኝ መጀመሪያ ድንኳን ነፋስ ነቅሎት የሚሄድ መስሏቸው፣ ቀጥሎ ድንኳኑ ከነካስማው ሲሳደብ ሰምተው ነው አለልኝ መሆኔን ያወቁት። ሽምብራ ማሳ ውስጥ በቀስታ ገብቼ ቆምኩ። የሽምብራው ባለቤት ለረጅም ጊዜ በስሜ አልጠራኝም።

ክንፎቹን ፈትቼ ዝቅ አደረግኳቸው፤ የታችኛውን ጠርዝ በሙቅ ውኃ አለስልሼ ወደ ውጭ ቀለበስኩት። ከጋኑ በላይ ያለውን ክፍተት ከካላማንዳሪ በቆረጥኩት ሰፊ ጎማ ጋረድኩት። እንደገና ክር፣ እንደገና ጋቢ፣ እንደገና ድልድይ። በስንተኛው ምልልስ እንደሆነ እንጃ፣ ክሮቹ ከእኔ ፊታቸውን አዙረው ወደ ጎን ተኙ። ጋቢዬ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ምንይችልን ከነጋቢው፣ ከነዕቃው፣ ከነሳሉ አስቀምጬ ሁሉንም እንደ አዲስ ለካሁ።

ክረምቱ ገብቶ ሣር ሲለመልም እትየ አንጓች ከጉብታቸው ላይ ደወሉ። ምንይችል ስልኩን ሰጠኝ፤ የሚፈልጉት እኔን ነበር።

«አንተ ነህ ያን ክንፍ የገጠምከው?»

«አዎ፣ እትየ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንተም አብረህ ና። ከወደቀ አብረህ ትወድቃለህ። አንተ ካልመጣህ ላሜን አላስነካም» ብለው ዘጉት።

ከምንይችል ኋላ ተፈናጠጥኩ። ዕቃውን በሁለታችን መሐል አጥብቄ አቅፌዋለሁ፤ በዕድሜዬ ያን ያህል የተጠነቀቅኩለት ነገር ልጆቼ ብቻ ናቸው፣ እነሱንም ጥያለሁ። ሜዳው ላይ ስንወጣ ምንይችል ነዳጁን ሰጠው። ከፊቴ ጋቢው ጭምት ብሎ ተኝቷል። አያስልም፤ ጭራሽ ማንጎራጎር ጀመረ። ሥራዬ ሠራ። ብቻ አንድ ያላሰብኩት ነገር ነበር። ያ ነፋስ ከምንይችል ላይ ተነሣ እንጂ ከምድር ላይ አልተነሣም። ወደ ጎን ያስተኛኋቸው ክሮች የሚያመለክቱት ከኋላ የሚቀመጠውን፣ ቁመቱ የረዘመውን ሰው ኖሯል። የዳሞት ነፋስ ሁሉ ተሰብስቦ በሁለቱ ክንፎች ጠርዝ እየዞረ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እጆቼ ዕቃውን ስለያዙ መጥረግ አልችልም። ቀስ በል ስለው እሱ በዜማው መሐል አልሰማኝም።

እትየ አንጓች ደጅ ስንደርስ እንባዬ ጉንጬን አልፎ አንገቴ ውስጥ ገብቷል፤ ዓይኔ ቀልቷል፤ አፍንጫዬ ይፈሳል። ሽመላቸውን ይዘው ከዛፉ ሥር ተነሡ። ለዓመት ያህል ያጠራቀሙትን ንግግር ሊያወርዱብኝ እንደተዘጋጁ ከአነሣሣቸው አወቅሁ። ቀረብ አሉ። አዩኝ። ሽመላቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉና በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ይጠርጉልኝ ጀመር።

«ተው ልጄ፣ ተው በቃ። አንዲት ላም ናት፤ ሰው አልሞተም። እኔ እኮ እንዲህ አንጀትህን የበላህ አልመሰለኝም። ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ።»

ምንይችል፣ «ኧረ እትየ፣ እሱ እኮ ነፋሱ ነው…» ብሎ ሲጀምር እግሩን በጫማዬ ተረከዝ ረገጥኩት፤ በሙሉ ክብደቴ። ከዚያም አንድ ጊዜ አፍንጫዬን ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ ያኛው ግን የእኔ ነው።

ላሚቱ ያዘች። ደማቅ ጥቁርና ነጭ ጊደር ወለደች። አማቻቸው ቆርቆሮውን መቁጠር ትቶ ከነቤተሰቡ ለበዓል ወተት ሊጠጣ ይመጣል፤ እትየ አንጓችም በገዛ ቤታቸው ሲያልፉ እግሩን ያሰበስቡታል። እኔን በመንደሩ ሁሉ «ለሰው ላም የሚያለቅስ መካኒክ» ብለው አስተዋውቀውኛል፤ ገበሬው ሞተር በገዛ ቁጥር ርኅሩኅ ነው እያለ ወደ እኔ ያመጣ ነበር። ምንይችል ግን የረገጥኩት እግሩ ብርድ ሲሆን እንደሚጠዘጥዘው እስከ ዛሬ ይነግረኛል። ለእግር የሚሆን የንፋስ መከላከያ ይሥሩልኝ ይለኛል፤ ጡረታ ወጥቻለሁ እለዋለሁ።